የጠፋው አሥረኛ ዙር እና ሣጥንዎ ላይ የቀረው ስሜ

ኪኦከክ፣ አዮዋ
ኖቬምበር 9 ቀን 1982

ለተከበሩ አቶ ብራድፎርድ ሌስካ
የቴሌቪዥን ጨዋታ አምራች ድርጅት ፕሬዚዳንት፣ ካሊፎርኒያ
ግልባጭ፦ ለከተማችን ጋዜጣ አንባቢዎች በሙሉ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ሽያጭዎ እንዲሰምር እየተመኘሁ፣ እኔም ከጉልበቴ በስተቀር ደህና መሆኔን በትሕትና አስታውቃለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የቤዝቦልን ሕግ ግን ራሴን አስተምሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የዳኘሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ኤፕሪል አስጠርተውኝ በቴሌቪዥን ላይ በማሽን የሚጫወቱትን አዲሱን የቤዝቦል ጨዋታዎን ሁለት ቀን መረመርኩ። መደበኛው ዘጠኝ ዙር አልቆ ቡድኖቹ እኩል ከሆኑ አሥረኛ ዙር መጀመር አለበት አልኩ፤ ተጨመረ፤ በዓይኔ አይቼ ፈረምኩ። ዛሬ ሣጥኑ «በዳኛ ሃርላን ኮፌልት ተመርምሮ የጸደቀ» ይላል። ውስጡ ያለው ጨዋታ ግን ከዘጠነኛው ዙር በኋላ «እኩል» ብሎ ቀጥ ይላል። ቤዝቦል አንዱ እስኪያሸንፍ የሚጫወቱት ነገር መሆኑን ለፕሬዚዳንት ማስረዳት አሳፍሮኛል። ስለዚህ የገና ሣጥኖች ሳይታተሙ ወይ አሥረኛውን ዙር ይመልሱልኝ፣ ወይ ስሜን ያውጡልኝ።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው፦

1. ፀጉር አስተካካዩ ሚልት ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ራሴን ከከረከመ በኋላ መቀሱን አስቀምጦ፣ «በል ዳኛው፣ እኩል ወጥተናል፤ ወደ ቤትህ ሂድ!» አለኝ። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ጠርሙስ ተወርውሮብኛል፣ እናቴ ተሰድባለች፤ እንዲህ ግን አልተሳቀብኝም። ለዚህ አዲስ ልምድ አመሰግናለሁ።

2. አንድ የቺካጎ መጽሔት ጨዋታዎን «እራት ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ቤዝቦል» ብሎ አሞግሶታል። እንኳን ደስ አለዎት። በሚቀጥለው ጨዋታዎ ኳሱንም ቢያስቀሩለት ከምሳ በፊት ያልቅለታል።

3. ጽሕፈት ቤትዎ «የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ስለሞላ ነው» ሲል ጻፈልኝ። ስለ ማሽን የማውቀው ስለሌለ አመንኩ። ሆኖም ጨዋታውን ብቻዋን በሰባት ሳምንት የሠራችው ወይዘሪት ዳርሊን ቮስ ስልክ ስደውልላት እንዲህ አለችኝ፦ «ዳኛዬ፣ አሥረኛው ዙር ገብቶ ነበር እኮ! ፕሬዚዳንቱ ናቸው፣ ጨዋታው ሲጀምር ስማቸው ውጤት ሰሌዳው ላይ ብልጭ ድርግም ይበል ያሉት። ማሽኑ ውስጥ ቦታ ከየት ላምጣ? አንዱን አውጥቼ አንዱን አስገባሁ።» ክቡርነትዎ የአንድ ሙሉ ዙር ያህል የሚመዝን ስም ስላለዎት አባትዎን ሊያመሰግኑ ይገባል።

4. ከዚያ ወዲህ ለእርስዎ ለራስዎ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ በማጣቴ፣ በየማለዳው ጥቁር ማርከር ይዤ ወደ ጉስ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር እየሄድኩ ስሜን ከየሣጥኑ ላይ እሰርዛለሁ። ጉስ በመጀመሪያው ቀን፣ «ኧረ ሰውዬ፣ የሰው ንብረት ነው! ፖሊስ ልጥራ?» ብሎ ጮኸ። «ጥራ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ወንበር አመጣልኝ፤ «ቁጭ ብለህ ሰርዝ እንግዲህ፤ ወድቀህ ደግሞ ጣጣህን እንዳታመጣብኝ» አለኝ። አዲስ ሣጥን በላኩ ቁጥር ይህንኑ ሥራ እቀጥላለሁ። ጊዜ አለኝ፤ ጡረተኛ ነኝ።

ለስምዎ ያለዎትን ጥልቅ ፍቅር እያደነቅሁ፣ እኔም ለስሜ ያለኝን ጥቂት ፍቅር በበጎ እንዲያዩልኝ እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምሰናበትዎ፣

ምንም ነገር ያላጸደቅሁት
ሃርላን ኮፌልት

ማስታወሻ፦ ጉስ እንደሚለው ስሜ የተሰረዘባቸው ሣጥኖች ከሌሎቹ ቀድመው እየተሸጡ ነው። ገዢዎቹ ለምን እንደተሰረዘ ይጠይቁታል፤ እሱም የውጤት ሰሌዳውን ነገር አንድም ሳያስቀር ይነግራቸዋል። ክቡርነትዎ ስምዎ እንዲታወቅ አጥብቀው ይመኙ ነበር አሉ፤ በኪኦከክ በሚገባ ታውቋል።