መረብ የዘረጋንበት ነሐሴ

ነሐሴ 2
ጭጋግ። የአይጥ ወጥመዶቹ ባዶ፣ ከአንዱ በቀር። እሱም ውስጥ ድንች አለ... ትናንት የከተትኩት እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ጎትሊብ የወጥመዱን ሳጥን በእጁ መዘነና "ዶክተር፣ እርጉዝ አይጥ ይዘናል" ብሎ የምንሠራላትን ተመራማሪ ጠራት። ስትከፍተው ሳቀች። እሱም ብድሩን ከፈለኝ፤ ሹራቤን ለብሶ ዋለ።
"የእህት ልጅ በአጎቱ ይቀልዳል፣ ሳይጠይቅም ይወስድበታል፤ ሕጉ ነው" አለኝ።
ሕጉስ ሕጉ ነው። ግን በዚህ ብርድ?

ነሐሴ 4
በደረቁ ወንዝ፣ በግራሮቹ መሃል የወፍ መረብ ዘረጋን።
"አጎቴ ሩጥ፣ ሰጎን ገብታልሃለች።"
ሮጥኩ። የተንጠለጠለው የራሴ ኮፍያ ነው።

ነሐሴ 5
የእህቴ ሳል ብሷል። ከመጋረጃዋ ውጭ ተቀመጥኩ። እሷ ለጎትሊብ፣ ጎትሊብ ለእኔ... ካደግን ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። በእኛ ሕግ ወንድምና እህት እንዲህ ነው የሚከባበሩት።
"ያ ሰውዬ ከስቷል በለው።"
"ከስተሃል ትላለች።"
"ሹራቤን ልጅሽ ለብሶት ነው በላት።"
ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች። ወይስ ሳለች?

ነሐሴ 8
ጭጋጉ ጠፍቶ ከበረሃው የሚነሳው የምሥራቅ ነፋስ ያቃጥላል። ወፎቹ መረቡ ላይ እንዳይሞቱ ቶሎ ቶሎ እየፈታሁ ነበር። ጎትሊብ እናቱን አይቶ እየሮጠ መጣ።
"አጎቴ፣ እናቴ ትፈልግሃለች። በራሷ አፍ ልታናግርህ ነው።"
እህት ወንድሟን በአፏ? ይህን ያህል የተጋነነ ቀልድ ከእሱም አልጠበቅኩም።
"ሰጎኗን ሰላም በልልኝ" አልኩት።
ቆሞ አየኝ። ወደ እናቱ ተመለሰ። አሁን ምሳ ሰዓት ነው፣ አልመጣም... ቀልዱን ማርዘሙ ይሆን?

ነሐሴ 9
ቀልድ አልነበረም።
ትናንት መረቡን ጠቅልዬ ቤቷ ስደርስ የሰፈሩ ሴቶች ውጭ ቆመው ነበር። መጋረጃውን አስነስታ እስከ መጨረሻ ትንፋሿ በሩን ስታይ ነበር አሉ።

ነሐሴ 12
ቀበርናት። ምን ልትለኝ ነበር? ሕጉን እስክትሽር ያደረሳት ምንድን ነው? ጎትሊብን አልጠየቅኩትም።

ነሐሴ 17
ሥራ ጀመርን። ወጥመዶቹ ዛሬ ሞልተዋል፤ ዶክተሯ ደስ ብሏታል። ምሳ ላይ የፍየሉን ጎድን ከሳህኔ ዳር አስቀምጬ ዞር አልኩ... እንዲወስደው። አልነካውም።
"ውሰድ እንጂ" አልኩት።
ቀና ብሎ፣ በትሕትና፣ እንደ እንግዳ ሰው አየኝ።
"አመሰግናለሁ፣ አጎቴ። እርስዎ ይብሉ።"