ለቅዳሜ የሚሆን መድኃኒት

ሰኞ፣ ጥር 6

እንደ ወትሮው። ስቱዲዮውን ጠረግኩ፣ የአባዬን ውሃ ለብ አድርጌ አስቀመጥኩለት። ከመስታወቱ ወዲያ እሱ ይሰብካል፣ ወዲህ እኔ ድምፅ አስተካክላለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። የሬዲዮ ወንጌላዊ ልጅ ሥራዋ ይኸው ነው።

ቀኑን ከተናገረ ወዲህ ስልኩ አያርፍም። ጥር ሃያ አራት፣ ዓርብ፣ እኩለ ቀን ላይ ዓለም ያበቃል ብሏል።

የሰኞዋ ሴትዮም ደወለች። ሰኞ ሰኞ ስለምትደውል በልቤ እንዲያ ነው የምጠራት። የልብ ሕመምተኛ ናት። አየር ላይ አስገባኋት።

«ወንጌላዊ፣ መድኃኒቴ በዚያው ዓርብ ያልቃል። ሌላ ልግዛ እንዴ?»

አባዬ ሳቅ አለ። «እህቴ፣ ለቅዳሜ የሚሆን መድኃኒት የት ሆነሽ ልትውጪው ነው?»

እሷም ሳቀች። እኔ የድምፁን ቁልፍ ዝቅ አደረግኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 8

አራተኛ ክፍል ሳለሁም ቀን ነግሮ ነበር። ነጭ በነጭ ለብሰን ግቢ ውስጥ ቆመን ዋልን። ፀሐይዋ አናታችንን በላችው እንጂ የመጣ የለም። በማግስቱ ትምህርት ቤት «የምጽአት ልጅ» የሚል ስም ወጣልኝ። እማዬ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ጋ ሄደች... በዚያው ቀረች።

ታዲያ አሁን ምን ያስፈራኛል? ያኔ ስለቀረ አሁንም ይቀራል ማለት ነው? ትናንት ደመናው ቀላ ብሎ ሳየው አውቶቡስ ፌርማታው ጋ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዉ ሰክራ ነው ሳይለኝ አይቀርም።

ሰኞ፣ ጥር 13

የሰኞዋ ሴትዮ ዛሬ አየር ላይ አልገባም አለች። ለእኔ ብቻ ልትነግረኝ ነው።

«ልጄ፣ የቀረውንም መድኃኒት ተውኩት። አምኜ ደግሞ እየዋጥኩ... እንዴት ይሆናል?»

«እማማ፣ እባክዎን ይዋጡት! ምን ይጎዳዎታል?»

«ልጄን ላየው ነው እኮ!» ድምፅዋ የልጃገረድ ሆነ። ልጅዋ ግንበኛ ነበር። ከፎቅ ወድቆ ነው የሞተው።

ከፕሮግራሙ በኋላ አባዬን ለመንኩት። «አንዲት ቃል ብቻ። መድኃኒታችሁን አትተዉ በል።»

«ይሄ ጥርጣሬ ነው።»

«አባዬ፣ ሰው ይሞታል!»

«በዚህች አጭር ጊዜ ማን ይሞታል?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

የማይክራፎኑ ቁልፍ እኮ በእኔው ጣት ሥር ነው። ተጭኜ ብናገርስ? እሱን ነው የምፈራው? ወይስ... እውነት ቢሆንስ ብዬ?

ሐሙስ፣ ጥር 23

ነገ ነው። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ማን ሊለብሰው?

ዓርብ፣ ጥር 24

አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ገባ። መዝሙር አጫወትኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ።

ድንገት ድርግም! ጨለማ። ማራገቢያው እንኳ ፀጥ አለ። ጮህኩ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ስም እየጠራሁ ነበር... የጌታን መሆን ነበረበት። የእማዬን ነው የጠራሁት።

ከዚያ ጄኔሬተሩ አጓራ። ለካ መብራት ሄዶ ነው፤ ስቱዲዮው መስኮት የለው።

ቀና ስል አባዬን በመስታወቱ አየሁት። ተንበርክኮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ዓይኑን ገለጠ። አምፖሉን አየ። እኔን አየ። ከዚያ በኋላ ፊቱ የሆነውን አልጽፈውም።

ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። አገር ምድሩ የሚሰማው ትንፋሹን ብቻ ነው። መዝሙር ለቀቅኩ። ስልኮቹ ይጮኻሉ። አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ነጋ።

እሑድ፣ ጥር 26

አባዬ ከክፍሉ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ፂሙ አድጓል። «ስሌቱ ላይ ነው ስህተቱ» አለኝ። «ሰኔ ነው። ነገ እናገራለሁ።»

ከዓርቡም ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል የሰኞዋ ሴትዮ ቁጥር ደወለ። ተመስገን ብዬ አነሳሁ። ሌላ ድምፅ።

«ጎረቤቷ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ወድቃ አገኘናት። ሆስፒታል ናት። እናንተን ስትጠራ ነው የሰነበተችው።»

ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት። ሰማ። ሲያስቀምጠው ሁለቴ ሳተው። ሰኔን አላነሳም። ሰዓቱን በሙሉ መዝሙር ሞላሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 28

ሄድን። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ። እንዲህ ትንሽ ሴትዮ ናት? በስልክ ግዙፍ ትመስለኝ ነበር። ነርሷ ከጠዋት ጀምሮ ኪኒኗን አልውጥም ብላለች አለችን።

«ወንጌላዊ... እርስዎ ነዎት?» እጁን ያዘችው። «ቀጣዩ መቼ ነው? ልጄን መቼ ነው የማየው?»

ሰኔ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አውቀዋለሁ። የአልጋውን ብረት ጨብጬ ያዝኩ። እንዳትል አባዬ፣ እንዳትል...

«አላውቅም» አላት።

«እንዴት አያውቁም?»

«አላውቅም እህቴ። ሁለቴ ቀን ቆረጥኩ። ሁለቴም ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

ትክ ብላ አየችው።

«ዋሸኸኝ» አለችው። አንቱታው ቀረ።

«አዎ። ዋሸሁሽ።»

ኪኒኑን አነሳ። ውሃውን ሲያቀርብላት አንሶላው ላይ ፈሰሰ። እየተቆጣች፣ እያለቀሰች ዋጠችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሰኞ፣ የካቲት 4

አየር ላይ ተናገረ። «ቀኑን አላውቅም። ተሳስቼ አሳስቻችኋለሁ። መድኃኒታችሁን ዋጡ።» አንዱ ደውሎ ሰደበው። አንዷ አለቀሰች። አንዱ ደግሞ «እሺ፣ ግን በግምት መቼ ይመስልዎታል?» አለ! የጣቢያው ኃላፊ ሰዓቱን ለሌላ ሰባኪ እንደሚሰጥ ነገረን። አባዬ አልተከራከረም።

ከዚያ ሆስፒታል። ሁሌ ጠዋት እሱ ነው ኪኒኑን የሚሰጣት። ካለሱ አትውጥም። አታናግረውም፤ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትዞራለች። ሐኪሙ ልቧ ገና አልተረጋጋም ይላል።

ዛሬ ልንወጣ ስንል፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረች፣ «ነገስ?» አለችው።

አባዬ ስለ ነገ ሲያወራ «ጌታ ቢዘገይ» ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብቻ አላት።

ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ክንዱን ያዝኩት። አርጅቷል። መቼ እንዲህ አረጀ? ነገ መነሳት ቢያቅተውስ? እንደገና ያ ፍርሃት ያዘኝ።

ቀን ነግሯታል እኮ።