መረብ የማይጣልበት ውሃ

ይድረስ ለተከበሩት የደቡብ ጠረፍ የዓሣ ማስገር ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የክረምቱ የባሕር ነፋስ እስከ ቢሮዎ ፎቅ እንደማይደርስ ባውቅም፣ ወገብዎንና ጉልበትዎን ደህና ያድርግልዎ እላለሁ። እኔ የሶልሞ ደሴት ነዋሪ፣ የዓሣ አጥማጁ የሙን ቻንግቦክ ሚስት፣ ጊል ማልሌ ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ዓሣ ከሚጠቀለልባቸው አሮጌ ጋዜጦች ስለሆነ ለአጻጻፌ ጉድለት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁትም፣ በፖስታ የላክኋቸው ሳይከፈቱ ተደራርበው ጠረጴዛዎን እንዳያጣብቡ በማሰብ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ክፍያው ጭማሪ አመሰግናለሁ። ከደሴታችን በስተምሥራቅ ላለው የመረብ ቦታዬ ዘንድሮ የአምናውን እጥፍ እንድከፍል ማዘዝዎ፣ ቦታው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከእኔ ሌላ የገባው ሰው መኖሩን አሳይቶኛል። በዚያ ውሃ መረብ ከተጣለ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤቴ የሶንሚ እናት እንኳ «አንቺ ሴትዮ፣ ለማታጠምጂበት ውሃ ኪራይ ትከፍያለሽ? ገንዘቡ ከተረፈሽ ለክረምት ለምዘፈዝፈው ጎመኔ የሚሆን በርበሬ ግዢልኝ እንጂ!» ትለኛለች።

ሁለተኛ፣ «ሥራ ላይ ያልዋለ ፈቃድ በወሩ መጨረሻ ተሰርዞ ለቀጣዩ አመልካች ይሰጣል» የሚለው ማስታወቂያዎ ደርሶኛል። ቃሉ ዛሬም አልተለወጠም። ባለቤቴ ታሞ መረቡን በሰቀለበት ክረምት ይኸው ማስታወቂያ መጥቶ ነበር። እሱ ማንበብ ስለማይችል ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ አንድም ቃል ሳልሳሳት። በማግስቱ ማዕበሉ እየተነሣ ሳለ ወደ ባሕር ወጣ። ጀልባዋ ብቻዋን ተመለሰች።

ሦስተኛ፣ በእኛ ደሴት ሰው ሰምጦ በቀረበት ውሃ፣ ነፍሱ ከባሕር እስክትወጣ ድረስ መረብ አይጣልም። መንፈስ ጠሪዋ ሩዝ የሞላ የናስ ሳህን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ወደ ጥልቁ ትሰዳለች፤ ሲወጣ ሩዙ ውስጥ ፀጉር ከተገኘ ሰውዬው ወጥቷል፣ ለቅሶውም ያበቃል። ለቻንግቦክ ሳህኑ ሁለት ጊዜ ተሰድዶ ሩዝ ብቻ ይዞ ተመለሰ። ይህን ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ በስልክ ባስረዳው፣ ሰውዬው በጣም ደግ ነውና፣ «እማማ፣ ለወጉ ያህል መረቡን አንዴ ነከር ያድርጉትና ፎቶ አንሥተው ይላኩልን፤ በቃ፣ አለቀ!» አለኝ። መረቡ ባዶውን ባይወጣስ ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ ደግነቱን እንዳላሳፍርበት ተውኩት።

ታዲያ ፈቃዱን ለምን አትመልሺም ይሉኝ ይሆናል። ቀጣዩ አመልካች የፑሳን ከተማ የዓሣ ድርጅት ነው፤ መረቡ የባሕሩን ወለል ጠርጎ ያልፋል። እኔ የምከፍለው ለማጥመድ ሳይሆን ማንም እንዳያጠምድ ነው። እጥፉን እከፍላለሁ፤ የሚጨምሩበት ካለም ይጨምሩ፣ ደክሞኛልና አልከራከርም። የምለምንዎ፣ በፈቃዴ ላይ «ሥራ ላይ ያልዋለ» የሚለውን ሰርዘው «ሰው አለበት» ብለው እንዲጽፉልኝ ብቻ ነው።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ እየተሳቀቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ የማኅተምዎም ቀለም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ታዛዥዎና ከፋይዎ፣
ጊል ማልሌ

ማስታወሻ፦ ፈቃዱን ለድርጅቱ መስጠትዎ የማይቀር ከሆነ፣ ለመርከበኞቹ አስቀድመው ይንገሩልኝ፦ ከዓሣው ጋር ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ቢወጣ የእኔ ነው፤ ከምርቱ ጋር እንዳይመዝኑት። እኔ ዘንድ ማድረሻው ስንት እንደሆነ ጽሕፈት ቤትዎ ይተምን፤ እከፍላለሁ።