ትኩስ መርዶ

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ገበያ ዋልን። ድንች ረክሷል፣ በርበሬ ኮርቷል። እማዬ አንዲት ድንች አንስታ እንደ ችሎት ዳኛ ገለባበጠቻትና "ይቺ ውስጧ ጥቁር ነው" ብላ ፈረደችባት። ሻጩ ይግባኝ አለ። አልሰማችውም።

ስንመለስ አንዲት ጎረቤት ያዘችኝ። "ፈንታነሽ፣ አሁንም አለሽ?" አለሁ። "መቼ ነው የምትሄጂው?" መስከረም። "ኧረ እረፍትሽ ረዘመ!"

እረፍት... ከጥር ጀምሮ የአባዬ ወፍጮ ቤት ከወንድሜ ከዮሴፍ ጋር ዱቄት ስቅም እውላለሁ፤ ስሙ ግን እረፍት ነው። ዩኒቨርሲቲው ነው ስም ያወጣለት፦ "የአንድ መንፈቅ የትምህርት እረፍት ተፈቅዶልሻል።" የአፈር ሳይንስ ነው የምማረው፤ አፈሩ ግማሹን ዓመት በረዶ ለብሶ በማይታይበት አገር። ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። የተማሪ ፈቃዴ እንዲታደስ አመልክቻለሁ። ይታደሳል፣ እሄዳለሁ፣ እጨርሳለሁ። ከዚህ ቀላል ምን አለ?

ግንቦት 15

ቀላል!

ኢሜይሌን ለማየት ሰዒድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድሁ። ሰዒድ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ነው፤ ምስጢር ቢያነብም አያወራም፣ ግን በትከሻዬ አሻግሮ ያነባል። የበረዶው አገር ኢሚግሬሽን ጽፎልኛል። ፈቃድ የተሰጠሽ እንድትማሪ ነበር፤ አልተማርሽም። "በጠና የታመመ አባቴን ላስታምም" ብለሽ ነው የወጣሽው፤ እውነት ስለመሆኑ ማስረጃ አቅርቢ። ካላቀረብሽ...

"ዩኒቨርሲቲው ፈቅዶልኝ የለም እንዴ?" አልሁ።

"ዩኒቨርሲቲ ሌላ፣ ኢሚግሬሽን ሌላ" አለ ሰዒድ፣ ወረቀት የጎረሰበትን ማሽን በጥፊ እያለ። "እኔ ጋ ፎቶ ኮፒ ሌላ፣ ላሚኔት ሌላ እንደሆነው።"

ታዲያ ያኔ ማን ነገረኝ? ሲፈቅዱልኝ "አይዞሽ" ብለው የፈገግታ ምልክት ልከውልኝ ነበር። የፈገግታ ምልክቱ በኢሚግሬሽን ዘንድ ዋጋ የለውም።

ግንቦት 16

ቀበሌ ሄጄ የአባዬን የሞት ምስክር ወረቀት አወጣሁ። ኅዳር 12።

ቀኑን አጥቼው አይደለም። ግን ወረቀት ላይ ሳየው ነው የገባኝ። ለዩኒቨርሲቲው "አባቴ ታሟል፣ ላስታምመው" ብዬ የጻፍሁት መቼ ነው? ታኅሣሥ 20። የሞተ ሰው ላስታምም ፈቃድ ጠይቄአለሁ! በዓለም የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

ዮሴፍ ያኔ በስልክ፦ "አባዬን ትንሽ አሞታል። ብትመጪ ደስ ይለዋል።" አገናኘኝ ስለው፦ "ተኝቷል።" እውነቱን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተኝቷል! ከጀርባው ሰው ይንጫጫል። ምንድነው ስለው፣ "ጠያቂዎች ናቸው" አለኝ። ጠያቂ አልነበሩም። በማግስቱ አርባው ነበር፤ የተዝካሩን ጠላ እየጠመቁ ነበር። እነሱ ሲጠምቁ እኔ በረዶ ውስጥ ቁጭ ብዬ "አስታማሚ ነኝ" ብዬ እፈርማለሁ።

ከዚያ መጣሁ። አባዬ የት አለ? ጎንደር ሆስፒታል፣ ነገ እንወስድሻለን። አበሉኝ፣ አስተኙኝ። ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ... አክስቴ እትዬ ጽጌ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከፊት፣ የአባዬ ነፍስ አባት ቄስ ወልደጊዮርጊስ ከነመስቀላቸው፣ ጎረቤት ከኋላ። አገር ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ፣ ለኔ እንደገና ሊያለቅስ መጣ።

ሲርበኝ ቶሎ የሚያበሉኝ ሰዎች፣ አባቴን ሃምሳ ቀን አስራቡኝ።

ግንቦት 18

ጉባኤ ተቀመጠ። አጀንዳ፦ የፈንታነሽ ቪዛ። ሰብሳቢ እትዬ ጽጌ፣ በራሷ ምርጫ።

"ምን ያስጨንቃል?" አለች። "ቀበሌ ያለው ልጅ ዘመዳችን ነው። ወንድሜን ሁለት ወር እንጨምርለትና ጥር ላይ ይሙት። አንቺም አስታመምሽው፣ እነሱም አመኑሽ።"

ሁለት ወር! በቁሙ እያለ ሁለት ቀን የጨመረለት አልነበረም፤ ከሞተ በኋላ ዕድሜ በቸርነት ይታደል ጀመር።

"እትዬ፣ ይቅርብኝ" አልሁ። "አንዴ ዋሽታችሁ እዚህ አደረሳችሁኝ።"

"ውሸት አይባልም ልጄ" አሉ ቄስ ወልደጊዮርጊስ። "ማቆየት ነው።"

"አባ፣ አንቱም ያውቁ ነበር?"

"ፍትሐቱን ያደረስሁት እኔ አይደለሁ?"

ይኸው! ሁሉም ያውቃል። የወፍጮው ሞተር ሳይቀር ያውቃል።

"ትምህርትሽ እንዳይቋረጥ ብለን ነው" አለች እማዬ፣ ወለል ወለሉን እያየች።

"ተቋረጠ እኮ! በዕለቱ ብትነግሩኝ የሐዘን ፈቃድ ይሰጡኝ ነበር። ቀብሬው፣ አልቅሼ፣ ተመልሼ እማር ነበር።"

"ሰው አገር ብቻሽን ስታለቅሺ... ማን ይይዝሻል ብለን..."

ጮህሁ። በእማዬ ላይ። ሐዘን ላይ ያለች እናቴ ላይ። ጉባኤው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ግንቦት 22

እውነቱን ጻፍሁ። መርዶን በእንግሊዝኛ ማስረዳት... ሞክሩት እስቲ። "በአገራችን የሞት ወሬ ሩቅ ላለ ሰው በስልክ አይነገርም። ታሟል ተብሎ ይጠራል። ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነግረዋል፣ ሲወድቅ እንዲይዘው።" በአማርኛ ርኅራኄ ነው። በእንግሊዝኛ ሲነበብ የወንበዴ ቡድን ይመስላል። በማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ...

ሰዒድ አነበበው። "ይሄን ያዩ ለት ያበድሽ ነው የሚመስላቸው።"

"ካልዋሸሁ አበድሁ ማለት ነው?"

"እኔ ምን አልሁ። ጽሑፉ ቆንጆ ነው።"

ላክሁት።

ሰኔ 3

መልስ የለም። ኔትወርክም ሲመጣ ሲሄድ ነው። ስልኬ ወፍጮ ቤት ዱቄት ጠጥቶ ሞተ። ነፍሱን ይማርና፣ እሱ እንኳ እያየሁት ነው የሞተው። ኢሜይሌን ዮሴፍ ስልክ ላይ ከፈትሁት። "ሲመጣ ንገረኝ፣ እሺ?" እሺ አለ። እሺ ማለት ይችላል ዮሴፍ።

ሰኔ 14

ቤቱ ምን ሆኗል? እማዬ "ብይ፣ ብይ" ትላለች። ሳልጠይቅ ሁለት እንቁላል ጠበሰችልኝ። ዮሴፍ ዓይኔን ሸሽቶ ከዱቄቱ ጋር ያወራል። እትዬ ጽጌ ማር ይዛ መጣች። እትዬ ጽጌ! ማር! ያቺ ጎረቤት እንኳ "መቼ ነው የምትሄጂው?" ማለት ትታ "አይዞሽ" ብላኝ አለፈች።

"ማን ሞተ?" አልሁ እራት ላይ።

"ኧረ ማንም!" አሉ አንድ ላይ። እንደ ደብተራ ማኅሌት፣ አንድ ላይ።

ሰኔ 17

ይህን የምጽፈው እየሳቅሁ ይሁን እየተናደድሁ አላውቅም።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ያንን ማንኳኳት አውቀዋለሁ። እትዬ ጽጌ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። ቄስ ወልደጊዮርጊስ ከነመስቀላቸው። ጎረቤት። ከሁሉ ኋላ፣ በር ተደግፎ፣ ያ ከሃዲ ሰዒድ!

እማዬን ዞሬ አየሁ። አለች። ዮሴፍን አየሁ። አለ። ታዲያ ማን?

"ቁጭ በይ ልጄ" አሉ ቄስ።

"ማነው? ንገሩኝ!"

"ጠንክሪ። ሁሉ ከፈጣሪ ነው። ያ... ያ ፈቃድሽ..."

"ፈቃዴ ምን ሆነ?"

"አልሆነም ልጄ። ከልክለውሻል።" እትዬ ጽጌ ደረቷን አንዴ መታች።

የቪዛ መርዶ! እንደ ሥርዓቱ፣ ከነዘቅዛቃ ነጠላው! ሰው ይህን በሕልሙ ያያል?

"መቼ ነው የመጣው?" አልሁ።

እርስ በርስ ተያዩ። ይህን አተያይ ከጥር ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"ሳምንት አልፎታል" አለ ዮሴፍ። "እኔ ጋ አንብቤው፣ ለሰዒድ አሳየሁት። እስክትበረቺ ብለን..."

ስልኩን ነጠቅሁት። አንደኛ፦ ተከልክለሻል። ሁለተኛ፦ ሐሰት ተናግረሻል፤ ስለዚህ ለዓመታት ማመልከት አትችዪም። ሦስተኛ፦ መልስ ካለሽ እስከ... ቀኑን አየሁ። እስከ ዓርብ! ዛሬ ማክሰኞ ነው። እኔን ለማጽናናት ሲሉ ቀኔን እየበሉት ነበር።

ውሸታም የተባልሁት እኔ ነኝ። በእነሱ ውሸት፣ በእኔ ስም።

እትዬ ጽጌ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አለችኝ። አላለቀስሁም። "ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም!" አልሁ። "ሰዒድ፣ ስልክህን አውጣና ቅረጽ። ሁላችሁም ትናገራላችሁ። መርዶ ልታረዱ አይደል የመጣችሁት? ለነሱ አርዱላቸው!"

ቄስ ወልደጊዮርጊስ ካባቸውን አስተካክለው፣ መስቀላቸውን ወደ ስልኩ አዞሩ። "እኔ የሟች ነፍስ አባት ነኝ። ኅዳር 12 ቀበርነው። ለልጅቱ አልነገርናትም። ልማዳችን ነው፤ ክፋት አይደለም። እሷ ግን አልዋሸችም።" መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። "የዋሸነው እኛ ነን።"

ማቆየት አላሉም። ዋሸን አሉ።

እትዬ ጽጌ፦ "ፎቶ ነው?"

"ቪዲዮ ነው እትዬ።"

"ውይ፣ ነጠላዬን ላቅና!"

"አትንኪው! እንደዘቀዘቀ ይቅር። ማስረጃ ነው።"

ዮሴፍ "ተኝቷል ያልኋት እኔ ነኝ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መጨረሻ ላይ እማዬ። ስልኩን አላየችም፤ እኔን አየችኝ።

"በደወልሽ ቁጥር ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው ዝም ያልሁት" አለች። "ድምፄን እንዳትሰሚ።"

እኔን ማን ይይዛታል ብላ የተጨነቀችው እናቴ... እሷን ማን ያዛት?

ያኔ አለቀስሁ። ሰዒድ ይህንንም ቀርጿል፤ "ቁረጠው" ብለው "እንዴት ተደርጎ!" አለኝ። ከሥሩ እንግሊዝኛውን ጻፍሁለት። ከሰዓት ኔትወርክ ሲመጣ ላክነው።

ሰኔ 18

የይለፍ ቃሌን ቀየርሁ። አዲስ ያረጀ ስልክ ገዛሁ። ዮሴፍ ተቀየመኝ። ይቀየም።

ሐምሌ 8

ዝናብ። እማዬ ማታ ጠርታኝ "ወገቤን ያመኛል፤ ከፋሲካ ጀምሮ ነው፤ ለማንም አልተናገርሁም" አለችኝ። ተናደድሁ፣ ከዚያ ደስ አለኝ። ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ከተማው በጅራፍ ይጮኻል። ስልኬ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር፤ እኔ ወፍጮ ቤት ነኝ፣ ቅንድቤ ድረስ ዱቄት። ዮሴፍ ከላይ ሰፈር ስልኬን ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ። በቀትር፣ ብቻውን፣ ያለ ቄስ፣ ያለ ነጠላ፣ ሰው በሞላበት መንገድ ላይ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፦

"ፈንትዬ! ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ ገብቷል! አልከፈትሁትም! ምልክቱን ብቻ ነው ያየሁት!"

ወፍጮ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የእህል ማዳበሪያውን አስቀምጦ ዞረ። እዚያው ቆሜ ከፈትሁት። የቆየው ፈቃድሽ አይመለስም። መስከረም የለም፤ በአዲስ ተማሪነት እንደገና ማመልከት ነው፣ ከሀ ጀምሮ። ከታች አንዲት መስመር፦ "ሐሰት ተናግራለች" የሚለው ተነሥቷል።

ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኋት። ዮሴፍ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ይጠብቃል።

"ከለከሉሽ?"

"ከለከሉኝ። ግን ውሸታም አይደለሽም ብለውኛል።"

"መቼ ነው የገባው?" አለች እማዬ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ እሱን እንደ ድንች እያየች።

"አሁን!" አለ ዮሴፍ። "እማዬ ሙች፣ አሁን! ገና ትኩስ ነው!"