አባትሽና ኦሃዮ

ውድ ሳሌም፣

ዛሬ እዚህ ስዊድን፣ ሃሉንዳ ላይ በረዶው ያለ ኮሽታ ሲወርድ ዋለ። መስኮት ዳር ተቀምጬ ሳየው ቤቱ ራሱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። አባትሽ ያን ነገር የነገሩኝ እንዲህ ባለ ቀን ነው። ለማንም እንዳላወራ ለምነውኛል፤ አንቺ ግን «ማንም» ውስጥ አትገቢም ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ።

በአሜሪካ ምርጫ ሰሞን የእኛ ሰዎች አባትሽን፣ ጋሽ ባሕሩን፣ እንዴት እንደሚጠብቋቸው ታውቂያለሽ። ጡረታ ከወጡም በኋላ የስታቲስቲክስ መምህርነታቸው አልለቀቃቸውም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከበን የትኛው ግዛት አንገት ለአንገት እንደሚያያዝ፣ የትኛው ከወዲሁ እንዳለቀለት እንጠይቃቸዋለን። እሳቸውም የድሮውን ውጤትና የሕዝብ አስተያየቱን አመዛዝነው ይነግሩናል። ብዙም አይስቱም። ዘንድሮም ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬኒያ በጥቂት ድምፅ እንደሚለዩ ተናግረው ልክ ሆኑ። ኦሃዮ ላይ ግን «ገና አልለየላትም» ብለው ድርቅ አሉ። ወዳጃቸው ካሳዬ፣ ኦሃዮማ ከፉክክሩ ከወጣች ቆየች ብሎ ቢከራከራቸውም አልሰሙትም። ውጤቱ ሲመጣ ልዩነቱ ሰፊ ሆነ። ሰዉም እርጅና ነው ብሎ አዘነላቸው።

እኔ ግን አላመንኩም። አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ሄድኩና ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን ወደ በረዶው አዞሩ።

«አሰፋሽ፣ እንደማይሆንማ አውቅ ነበር» አሉኝ። «ኦሃዮ አጓጊ በነበረችበት ጊዜ የስዊድን ጋዜጠኞች ኮሎምበስ ድረስ ይሄዱ ነበር። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቼ ሳሌም የምትኖርበትን ከተማ አያለሁ፤ መንገዱን፣ ዛፉን። አንዳንዴ ከኋላ የምታልፈው ሴት እሷ ትመስለኛለች። ላለቀለት ግዛት ካሜራ የሚልክ የለም።»

እናትሽ ካረፈች ወዲህ ስልኩ በመካከላችሁ እየሳሳ መምጣቱን አውቃለሁ። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አልጠይቅሽም። እኔም እሷን ያጣንበትን ያን ዓመት የማስታውሰው እንደ ሕልም ነው።

«ታዲያ ለምን አይሄዱም?» አልኳቸው።

«ሳትጠራኝ?» አሉ።

በሳምንቱ ግን በሬን አንኳኩተው ቲኬት እንድቆርጥላቸው ጠየቁኝ። ከረባት አስረው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ከሰዓት ኮሎምበስ ይገባሉ። ከደረስኩ በኋላ እደውልላታለሁ ነው የሚሉት፤ ቀድሞ መንገሩን ፈርተዋል። አንቺ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ጠብቂያቸው። ለስብሰባ ነው የመጣሁት ይሉሻል። የምን ስብሰባ ብለሽ አትጠይቂያቸው። ሻንጣቸውን ተቀበያቸውና ወደ ቤትሽ ይዘሻቸው ግቢ።

ሁለታችሁንም የምትወድ፣
አሰፋሽ