ለሙከራ ብቻ የተባለው መስመር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ብደውል እንደማታነሳልኝ ስለገመትኩ በወረቀት መጣሁብህ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ነገሩ ያንተ ነው።

የእኔን አመል ታውቀዋለህ፤ አንድ ነገር ከከነከነኝ አላርፍም። ባለፈው ወር ሁለት አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡልን። አንተና እኔ ስድስት ዓመት የደከምንበትን፣ ዛሬ ስንትና ስንት መሥሪያ ቤት ሚስጥሩን የሚቆልፍበትን ፕሮግራም ጫንኩባቸውና ጎን ለጎን እኩል አስነሳኋቸው። ለእያንዳንዳቸው ማንም የማይገምተው የፊደልና የቁጥር ቁልፍ ማውጣት አለበት አይደል? ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁልፍ አወጡ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው።

ሳቄ መጣ። አጥፍቼ አስነሳኋቸው፤ ያው ነው። የጽዳት ሠራተኛችንን እትዬን ጠርቼ፣ «እስቲ ማስነሻውን እርስዎ ይጫኑልኝ፣ የእኔ እጅ ይሆናል» አልኳቸው። ጫኑት፤ አሁንም ያው።

«ታዲያ መንታ ቢሆኑ ምን አለበት?» አሉኝ።

ይሄኔ በእኛ ፕሮግራም ይጠቀም የነበረው ያ ክሊኒክ ትዝ አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የበሽተኞቹ መዝገብ ሲበረበር አለቃችን ምን እንዳለ አትረሳውም። «በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያለው ሰው ነው የገባው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለና አንተን አየ፤ የክሊኒኩን ቁልፍ ያወጣኸው አንተ ነበርክ። መታወቂያህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። እኔ አቀርቅሬ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ጠርጥሬህ ነበር። አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያልደወልኩልህ አፍሬ ነው።

የድሮውን ኮድ ከሥር ጀምሮ ማገላበጥ ያዝኩ። ሥራችን ከመውጣቱ በፊት አንዳችን ጮክ ብለን ስናነብ ሌላችን ዓይናችንን ጨፍነን እናዳምጥ አልነበር? «ለሙከራ ብቻ» የሚል ምልክት ያለበትን መስመር ግን እንዘለዋለን፤ በኋላ ከኮዱ ይወጣል ብለን። አንዱ ሳይወጣ ቀርቷል። በእሱ ምክንያት ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ እንደ ዕጣ በዘፈቀደ ቁጥር ማውጣቱን ይተውና ሁልጊዜ ከዚያው ከማይለወጥ ቁጥር ይጀምራል። ያንን ያወቀ ሰው ቁልፉን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። የክሊኒኩም ቁልፍ የወጣው በዚሁ ነው፤ አረጋግጫለሁ።

«ማነው ይሄ ቂል?» ብዬ የጸሐፊውን ስም ፈለግኩ። የእኔ ስም ነው። ሙከራው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት እንዲሰጠኝ ብዬ ያስገባሁት ነው፤ ማውጣቱን ረሳሁት። ያን ቀን ያነበብኩትም እኔ ነበርኩ። ዘለልኩት፤ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ እያመንከኝ።

ማስተካከያው ለሁሉም ደርሷል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሪፖርቱን ለሕዝብ አወጣሁ። የክሊኒኩ ጉዳይ አንተን እንደማይመለከት፣ መስመሩን የጻፍኩትም የዘለልኩትም እኔ እንደሆንኩ በስሜ ሰፍሯል። ደብዳቤውን ባስቀድም ኖሮ ይቅርታህን ስጠብቅ ሪፖርቱን አዘገየው ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ከመውጣትህ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ያንኑ ኮድ ስትመረምር አይቼሃለሁ፤ አንተ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚያመልጥህ ሰው አይደለህም። መስመሩን አግኝተኸው ነበር? ስሜን አይተህ ነው ዝም ብለህ የወጣኸው? መልሱን እፈራዋለሁ፤ ግን ንገረኝ።

ታናሽ እህትህ