ልጄም እኔም ያለቀስንበት ጠዋት

መቱ፣ ግንቦት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ልጄ ጫልቱ ዛሬም ትምህርት ቤት አልሄደችም። የወር አበባ ማየት ከጀመረች ወዲህ፣ ሊመጣባት ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ደሙ ከመጣ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ትመለሳለች። ዛሬ ግን ባሰባት።

ዝናቡ ሲያባራ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽብኝ፣ የኔ ልጅ? ማን ነካሽ?»

«ማንም አልነካኝም። እኔም አላውቀውም፣ እማዬ። መኖሩ ራሱ ደከመኝ።»

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ! ላጽናናት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። የእኔው የወር አበባ ከተቋረጠ ወዲህ እኔም እንደሷ ነኝ። ላብ ያጠምቀኛል፤ እንቅልፍ የለኝም፤ በረባ ባልረባው ሆድ ይብሰኛል። እንዲህ ተቃቅፈን ስናለቅስ፣ ለሥራ ወደ ኡካ ሊሄድ የተነሳው አባቷ ከነጃንጥላው በሩ ላይ ቆመ።

«ማል ታታኒ? ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ።

«ማንም አልሞተም» አልኩት። ይህን ለወንድ እንዴት ብዬ ላስረዳው?

«ሁለታችሁንም ጠበል ልውሰዳችሁ?» አለ በለሆሳስ። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ጫልቱ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገችልኝና አየችኝ።

«እማዬ፣ ሐኪም ቤት ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ስታድጊ ይተውሻል ብሎኝ ነበር። አንቺን ግን እስካሁን አልተወሽም?»

ይተወኛል ልላት ፈለግሁ። ግን ፀጉርሽን ልሥራልሽ አልኳት። ጀርባዋን ስትሰጠኝ ቢያንስ ፊቴን አታየውም።